ፀሐዩ ጥርት ብሎ ሳለ ኢንቨርተሩ ለምን ይወርዳል? (የ5 ኪሎዋት ገደብ አለብኝ)

ጣሪያ_ላይ · ሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ትንሽ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

ጣሪያዬ ላይ 8 ኪሎዋት ፓኔል አለ። ኢንቨርተሩ (የፓኔሉን ኃይል ለቤትና ለመስመር ወደሚሆን የሚቀይረው) ባለ አንድ ፌዝ፣ 6 ኪሎዋት ነው። ወደ መስመሩ እንድልክ የተፈቀደልኝ እስከ 5 ኪሎዋት ድረስ ነው። ባትሪ የለኝም። ገደቡን አውቄ ነው የፈረምኩት፣ በሱ ቅሬታ የለኝም።

ያልገባኝ ሌላ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ግራፉ ጠዋት ደህና ይወጣና ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። ድንገት ዜሮ ይገባል፣ ቆይቶ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ደግሞ ይወድቃል። እስከ 9 ሰዓት ድረስ እንዲህ ሲጫወትብኝ ይውላል። ደመናማ ቀን ግን ምንም የለም።

የገጠመልኝ ባለሙያ «ገደቡ ነው፣ ባትሪ ጨምርበት» አለኝ። ባትሪ ደግሞ ዋጋው የዋዛ አይደለም። ከመግዛቴ በፊት የምታውቁ ካላችሁ እስቲ አንድ በሉኝ።


ገመድ_ጎታች · ሰኞ፣ ማታ 3፡05

ወንድሜ፣ ባትሪውን ለጊዜው እርሳው። የአንተ ግራፍ የገደብ ግራፍ አይደለም።

የ5 ኪሎዋት ገደብ ሲነካ ኢንቨርተሩ አይጠፋም። ራሱን ዝቅ አድርጎ እዚያው ይቆማል። ቆጣሪው ላይ ወደ ውጭ የሚወጣው 5 ላይ ይደርቃል። ቤት ውስጥ ምድጃ ስትለኩስ ደግሞ ምርቱ በዚያው ልክ ከፍ ይላል፣ ምክንያቱም ገደቡ በሚወጣው ላይ እንጂ በሚመረተው ላይ አይደለም። ኢንቨርተሩ ራሱ አቅሙን ሲጨርስ ደግሞ ምድጃ ለኮስክ አልለኮስክ 6 ላይ ጠፍጣፋ ይሆናል።

መጥፋትና ቀስ ብሎ መመለስ የቮልቴጅ ነው። ኢንቨርተሩ «ቮልቴጁ ከተፈቀደው አልፏል» ብሎ ከመስመሩ ይላቀቃል። የተወሰነ ጊዜ ይጠብቃል። ከዚያ ቀስ በቀስ ይወጣል። ሲወጣ ቮልቴጁን ራሱ መልሶ ይገፋዋል። ዞሮ ዞሮ እዚያው።

ሁለት ነገር ንገረኝ። አንደኛ፣ ሎጉ (የኢንቨርተሩ መዝገብ) ላይ ሲጠፋ የሚጽፈው ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ በቀትር ኢንቨርተሩ ጫፍ ላይ ስንት ቮልት አለ፣ በዚያው ደቂቃ ቆጣሪው ጋ ስንት አለ? ቆጣሪው ጋ ያለውን ኤሌክትሪሻን ይለካልህ፣ ራስህ ክዳን አትክፈት። ከኢንቨርተሩ እስከ ቆጣሪው ያለውን ገመድ ርዝመትና ውፍረትም ጨምርበት።


ቆጣሪ_አንባቢ · ሰኞ፣ ማታ 3፡30

ገመድ_ጎታች ባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሎጉ ላይ የቮልቴጅ ስህተት ካላገኘህ ሲቲውን ጠርጥር፣ ማለትም ዋናውን ገመድ አቅፎ ከረንቱን የሚለካውን ቀለበት።

ሲቲ ተገልብጦ ሲገጠም የሚሠራው ተንኮል ይገርማል። ገደቡ ዜሮ የሆነ ቤት ወዲያው ይነቃበታል፣ ምክንያቱም ኢንቨርተሩ ከመስመሩ የሚገባውን እንደሚወጣ አድርጎ ያነብና ዜሮ ላይ ተቀርቅሮ ይቀራል። ገደቡ 5 የሆነ ቤት ግን ምንም አይታየውም። የሚወጣው እንደሚገባ ስለሚነበብ ኢንቨርተሩ ጭራሽ አይቀንስም። ባለቤቱ «እንዴት ጥሩ ያመርታል» እያለ ሲደሰት አከፋፋዩ (የመብራት ድርጅቱ) ከገደቡ በላይ እየተቀበለ ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። ማታ ፓኔሉ በማያመርትበት ሰዓት ከበድ ያለ ዕቃ አብራና አፑ «ገቢ» ይላል ወይስ «ወጪ» ብለህ እይ።

የቆጣሪው የመገናኛ ገመድ ሲላላም ኢንቨርተሩ ለጥንቃቄ ወደ ዜሮ ወይም ወደ ዝቅተኛ ቁጥር ይወርዳል። እሱ ግን ቀትር አይመርጥም፣ ጠዋትም ያደርገዋል። ያንተ ፀሐይ ሲጠነክር ብቻ ስለሆነ እኔም ወደ ቮልቴጁ አደላለሁ።


ፈጣኑ · ሰኞ፣ ማታ 4፡10

ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? የኢንቨርተሩን ሜኑ ክፈትና የአገር ኮዱን (የየአገሩን የመስመር ደንብ የያዘውን ሴቲንግ) ከፍ ያለ ቮልቴጅ ወደሚፈቅድ ቀይረው። አለቀ።


ገመድ_ጎታች · ሰኞ፣ ማታ 4፡18

አያልቅም። ጎረቤቱ ላይ ይጀምራል።

ቮልቴጅ በ10 በመቶ ሲጨምር ተራ ማሞቂያ የሚወስደው ኃይል በ21 በመቶ ያድጋል፣ ምክንያቱም በቮልቴጁ ካሬ ነው የሚሄደው። የአንተ ኢንቨርተር ደስ ብሎት ሲሠራ የጎረቤት ዕቃ ይጠበሳል። ደግሞም የአገር ኮድ ማለት የቮልቴጅ ቁጥር ብቻ አይደለም። የፍሪኩዌንሲው (ከረንቱ በሴኮንድ የሚመላለስበት ቁጥር) ገደብ፣ መስመሩ ሲቋረጥ ኢንቨርተሩ በስንት ጊዜ እንደሚጠፋ፣ ሁሉም አብሮ ይቀየራል። መስመሩ ሞቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ አለ። እባክህ እንዲህ ያለ ምክር እዚህ አትጻፍ።


ጡረተኛው_ኢንጂነር · ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡50

ገመድ_ጎታች ልክ ብሏል። ኮድ እንደ ቀልድ የማይነካበትን ምክንያት አንድ የታወቀ ታሪክ ያስረዳል። ጀርመን ውስጥ የድሮ ኢንቨርተሮች ፍሪኩዌንሲው 50.2 ኸርዝ ሲደርስ ወዲያው እንዲጠፉ ታዘው ነበር። ጥቂት በነበሩ ጊዜ ምንም አልነበረም። ሲበዙ ግን በዚያች ቁጥር ላይ ሁሉም በአንዴ ቢጠፉ ብዙ ሺህ ሜጋዋት በአንድ ጊዜ ሊታጣ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ደንብ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ኢንቨርተሮች እንዲስተካከሉ ተደረገ። አሁን ከ50.2 በላይ ሲሆን በአንዴ መጥፋት የለም፣ ለእያንዳንዱ ኸርዝ 40 በመቶ እያለ ቀስ እያለ ይቀንሳል።

ወደ ጣሪያ_ላይ ጥያቄ ስንመጣ፣ ገደቡ ራሱ ከየት እንደመጣ ማወቁ ይጠቅማል። ሠፈር ሲዘረጋ ትራንስፎርመሩ የሚመረጠው ሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ምድጃ አይለኩስም በሚል ስሌት ነው። አንዱ ሲያበስል ሌላው ይተኛል። ለአንድ ቤት በአማካይ የሚያዝለት አቅም ከቤቱ ብሬከር በጣም ያንሳል። ፀሐይ ግን ተራ አትጠብቅም። የሁሉም ጣሪያ ቀትር አንድ ነው። 200 ኪሎቮልት አምፔር (ቢበዛ ወደ 200 ኪሎዋት የሚሸከም) ትራንስፎርመር ሥር 60 ቤቶች ካሉ፣ ሁሉም 5 ኪሎዋት ቢልኩ 300 ኪሎዋት ወደ ኋላ ይሄዳል። ተሸክሞ አይችለውም።

ሠፈሩ ገና ፓኔል ካልበዛበት ግን ከትራንስፎርመሩ በፊት የሚያስቸግረው ቮልቴጁ ነው። 230 ቮልት ሲደመር ሲቀነስ 10 በመቶ በሚሠራበት ቦታ ክልሉ ከ207 እስከ 253 ነው። ለምሳሌ የጀርመኑ ደንብ ኢንቨርተሩ የ10 ደቂቃ አማካዩ 253 ሲያልፍ እንዲላቀቅ ያዛል። ጥርሱ ወዲያ ወዲህ የሚመላለሰው ለዚህም ነው፣ አማካይ እስኪሞላና እስኪወርድ ጊዜ ይወስዳል።


ቅር_ያለው · ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡20

ጋሼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና አከፋፋዮቹ ለምን የትራንስፎርመሩን ቮልቴጅ ዝቅ አያደርጉትም? እኔ የመስመሩ መጨረሻ ላይ ነኝ። ከትራንስፎርመሩ አጠገብ ያለው ጎረቤቴ አንድ ቀን ተቀንሶበት አያውቅም። ገደባችን እኩል 5 ነው፣ ግን እሱ 5 ይልካል፣ እኔ ደህና ቀን 3 ነው። ይሄ እኩልነት ነው?


ጡረተኛው_ኢንጂነር · ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡00

አይደለም፣ እውነት አለህ። የጥፋቱ ባለቤት ግን ጎረቤትህ ሳይሆን ርቀቱ ነው። ኃይል ወደ ኋላ ሲፈስ ቮልቴጁ ከትራንስፎርመሩ እየራቀ በሄደ ቁጥር ይጨምራል፣ ስለዚህ ሁሌም የመጨረሻው ቤት ነው ቀድሞ የቮልቴጁን ገደብ የሚነካው።

ትራንስፎርመሩን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። በተለመዱት ላይ የ2.5 በመቶ እርከኖች አሉ፣ አንዱ እርከን ወደ 6 ቮልት ገደማ ነው። ችግሩ እርከኑ መብራት ተቋርጦ በእጅ የሚቀየር መሆኑ ነው። ቀትር ላይ 6 ቮልት ካወረድክ ማታም 6 ቮልት ወርዶ ይጠብቅሃል። ማታ ሁሉም ሲያበራ ያው የመጨረሻው ቤት፣ ማለትም አንተ፣ 207 ሥር ልትገባ ትችላለህ። ሥራ ላይ እያሉ ራሳቸው እርከን የሚቀይሩ ትራንስፎርመሮች አሉ፣ ዋጋቸው ግን ሌላ ነው።

ቋሚ ገደብ ደካማ መፍትሔ እንደሆነ ግን እስማማለሁ። 5 ኪሎዋት የሚለው ቁጥር የሚወጣው ዓመቱን ሙሉ በጣም የከፋውን ሰዓት አስቦ ነው። ያ ሰዓት ደግሞ ጥቂት ቀን ብቻ የሚያጋጥም ነው። በደቡብ አውስትራሊያ ይህን ለማቃለል ደንበኛው ይመርጣል፦ ወይ ቋሚ 1.5 ኪሎዋት፣ ወይ እንደ መስመሩ ሁኔታ ከ1.5 እስከ 10 ኪሎዋት የሚለዋወጥ ገደብ። ኢንቨርተሩ ገደቡን በኢንተርኔት ይቀበላል። ግንኙነቱ ሲቋረጥ ወደ ዝቅተኛው ይመለሳል። ለእኔ ይሄ ከሁሉም ይሻላል።


ቅር_ያለው · ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡15

ገባኝ። ግን ፓኔሌን የገዛሁት በራሴ ገንዘብ ነው፣ እጀታውን ሌላ ሰው ከሩቅ ሲይዘው ደስ አይለኝም።


ቆጣሪ_አንባቢ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡40

አሁንም እኮ እጀታው በአንተ እጅ አይደለም። ቮልቴጁ ነው የያዘው። ያውም ሳይነግርህ።


ጣሪያ_ላይ · ማክሰኞ፣ ማታ 1፡30

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ተማርኩ። ውጤቱ ይኸው።

ሎጉ ላይ በጠፋ ቁጥር የሚጽፈው «የመስመር ቮልቴጅ ከፍተኛ» ነው። ኤሌክትሪሻን ጠርቼ ቀትር ላይ አስለካሁ። ኢንቨርተሩ ሙሉ ሲሠራ እሱ ጋ 255 ቮልት፣ በዚያው ደቂቃ ቆጣሪው ጋ 248። ኢንቨርተሩ ጋራዥ ውስጥ ነው ያለው፣ ቆጣሪው ግቢው መግቢያ ላይ። ገመዱ 30 ሜትር፣ ባለ 4 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር) መዳብ። ሲቲው ደህና ነው፣ ማታ ሞክሬዋለሁ። በሙከራው ሰዓት ቤት ውስጥ ምድጃ በርቶ ስለነበር ኢንቨርተሩ 6 ሊደርስ ችሏል።


ገመድ_ጎታች · ማክሰኞ፣ ማታ 1፡55

በቃ፣ ሌባው ተይዟል። እስቲ እናስላው።

ባለ 4 ካሬ መዳብ በሜትር 4.6 ሚሊኦም ገደማ አለው። ከረንቱ ሄዶ ይመለሳልና 30 ሜትር 60 ነው። 60 በ4.6 ስታባዛው 0.28 ኦም ይሆናል። 6 ኪሎዋት በ255 ቮልት ወደ 24 አምፔር ነው። 24 በ0.28 ሲባዛ 6.7 ቮልት። ገመዱ ሲሞቅ መቋቋሙ ትንሽ ይጨምራል፣ ያኔ 7 ይሞላል። የለካኸውም 7 ነው።

ልብ በል፣ መስመሩ ጤነኛ ነው። ቆጣሪው ጋ 248 በክልሉ ውስጥ ነው። 253ን የሚሻገረው በራስህ ግቢ ውስጥ ነው። ኢንቨርተሩ የሚያየው የራሱን ጫፍ እንጂ የመንገዱን ቮልቴጅ አይደለም።

ገመዱን በ10 ካሬ ቀይረው። እሱ በሜትር 1.83 ሚሊኦም ነው። በ60 ሜትር 0.11 ኦም፣ በ24 አምፔር 2.6 ቮልት። ኢንቨርተሩ 251 አካባቢ ያያል፣ አይጠፋም። 30 ሜትር ገመድ ከባትሪ ጋር አይወዳደርም። ሲቀየር የብሬከሩና የተርሚናሉ ብሎኖች በደንብ መጠበቃቸው ይታይ፣ የላላ ብሎን ብቻውን ሁለት ቮልት ሊበላ ይችላል። ይሞቃልም፣ እሳትም ያመጣል።


ሙቅ_ውሃ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡30

ገመዱ ከተስተካከለ በኋላ ያኔ እውነተኛው የ5 ኪሎዋት ገደብ ይመጣል። ለሱም ቢሆን ባትሪ የመጨረሻው አማራጭ ነው የምል ሰው ነኝ።

ቤትህ የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያ አለው? 200 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 9.3 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ትንሽ ባትሪ የሚይዘውን ያህል ማለት ነው፣ ጋኑ ደግሞ ቀድሞውኑ ቤትህ አለ። ማታ ይሞቅ የነበረውን በቀላል ሰዓት ቆጣሪ ወደ ቀትር ማዞር ነው። ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ተኩል። የተረፈውን ኃይል እየለካ ወደ ማሞቂያው የሚያዞር መሣሪያም አለ፣ ግን ለጀማሪ ሰዓት ቆጣሪው ይበቃል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ቴርሞስታቱን ከ60 አታውርደው። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ይራባል።


ባትሪ_አለኝ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡15

ባትሪ ያለን ሰዎችም አንድ የምንስተው ነገር አለ። ፋብሪካው ሲልከው ጠዋት ትርፍ ኃይል እንዳየ ወዲያው መሙላት ይጀምራል። ጥርት ባለ ቀን ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ሞልቶ ቁጭ ይላል። ከዚያ ቀትር ይመጣል፣ ገደቡ ይነካል፣ ባትሪው ደግሞ ቦታ የለውም። ገዝተህም ያው ይቆረጥብሃል።

ትክክለኛው ተቃራኒው ነው። ጠዋት ያለውን ወደ መስመሩ ልቀቀው፣ ያኔ መስመሩም ቦታ አለው። ባትሪው ከገደቡ በላይ የሆነውን ብቻ እንዲጠጣ አድርገው። ብዙ ኢንቨርተሮች ላይ «የመሙያ ሰዓት» ወይም የአየር ትንበያ የሚከተል ሴቲንግ አለ። ነገ ደመና ከሆነ ግን ጠዋት ይሙላ፣ አለዚያ ማታ ባዶ ታቅፈህ ታድራለህ።


ጡረተኛው_ኢንጂነር · ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡10

ባትሪ ከመባሉ በፊት የሚቆረጠው ስንት እንደሆነ ይታይ። ግራፍ ላይ አናቱ ሲቀጠፍ ዓይን ይጎዳል፣ ሲደመር ግን ትንሽ ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ትናንሽ ጣሪያዎች ከፓኔላቸው አቅም ከ70 በመቶ በላይ እንዳይልኩ ያዘዘች ጊዜ፣ በዓመት የሚጠፋው በአብዛኛው ከ2 እስከ 5 በመቶ ነበር። ፓኔል ሙሉ አቅሙን የሚሰጠው ጥቂት ሰዓት ብቻ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ የመቆጣጠሪያ መሣሪያ እስኪገጠምላቸው ድረስ አዳዲሶቹን ወደ 60 በመቶ አውርዷቸዋል። ጣሪያ_ላይ፣ የአንተ 5 ከ8 ስንት ነው? 62 በመቶ ገደማ። ቤቱ ቀትር ላይ የሚበላው ሲጨመርበት ከዚያም ይሻላል።


ጣሪያ_ላይ · ረቡዕ፣ ማታ 1፡20

ጋሼ፣ ይህን ስሌት ማንም አልነገረኝም ነበር። ባትሪው ለጊዜው ቀርቷል። የ10 ካሬው ገመድ ቅዳሜ ይገባል፣ ማሞቂያውም ሰዓት ቆጣሪ ይገጠምለታል።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ሜኑው ላይ «ቮልት-ቫር» የሚል ጠፍቶ አለ። ልክፈተው?


ጡረተኛው_ኢንጂነር · ረቡዕ፣ ማታ 2፡00

አከፋፋይህ የሰጠህ የግንኙነት ደንብ ላይ ምን እንደሚል እይ፣ ብዙ ቦታ ግዴታ ነው። ሥራው ቮልቴጁ ሲወጣ ኢንቨርተሩ ሪአክቲቭ ፓወር (ሥራ ሳይሠራ በመስመሩ የሚመላለስ ኃይል) ከመስመሩ እንዲስብ ማድረግ ነው፣ ያ ቮልቴጁን ትንሽ ያወርደዋል።

በነፃ ግን አይደለም። በአውስትራሊያው ደረጃ ለምሳሌ ከ240 ቮልት ጀምሮ እየጨመረ 258 ላይ ከአቅሙ 60 በመቶ ይደርሳል። 253 ላይ 43 በመቶ ገደማ ነው። ኢንቨርተሩ የሚሸከመው ጠቅላላ አቅም ስላልተለወጠ ለዋቱ የሚቀረው 90 በመቶ ነው (ሁለቱ የሚደመሩት በካሬያቸው ነው)፣ ያንተ 6 ኪሎዋት 5.4 ሆነ ማለት ነው። ሙሉ በሙሉ ከሚጠፋ ግን 5.4 ይሻላል። በቀጭን የቤት ገመድ ላይ ጥቅሙ አነስተኛ ነው፣ እዚያ የሚገዛው የገመዱ መቋቋም ነው። ስለዚህ ገመዱን አስቀድም።


ቅር_ያለው · ረቡዕ፣ ማታ 2፡25

እኔም ልጠይቅ። ገመዴ ወፍራምና አጭር ነው፣ ችግሩ ከቆጣሪው ወዲያ ነው። ቤቱ ሦስት ፌዝ ይገባዋል፣ ኢንቨርተሩ ግን ባለ አንድ ፌዝ ነው። ለውጥ አለው?


ገመድ_ጎታች · ረቡዕ፣ ማታ 2፡40

አለው፣ ያውም ትልቅ። 5 ኪሎዋት በአንድ ፌዝ ስትልክ ሙሉው ከረንት በፌዙ ሄዶ በኒውትራሉ (በመመለሻው ገመድ) ይመለሳል። በሦስት ፌዝ ስትከፍለው እያንዳንዱ ሲሶውን ይይዛል፣ ኒውትራሉ ላይ ደግሞ ሦስቱ እርስ በርስ ይጣፋሉ። ሦስቱ እኩል ከሆኑ የቮልቴጁ ጭማሪ አንድ ስድስተኛ ይሆናል። የ12 ቮልት ችግር 2 ቮልት ሆነ ማለት ነው።

ኢንቨርተር መቀየር ካልቻልክ መጀመሪያ ሦስቱን ፌዝ ቀትር ላይ አስለካ። ጎረቤቶችህ ሁሉ አንዱ ፌዝ ላይ ተደራርበው ሊሆን ይችላል። ዝቅ ወዳለው ፌዝ መዛወር ብቻ ይበቃህ ይሆናል፣ ግን አከፋፋዩ ሳያውቅ አይሁን። ሲቲውም አብሮ ወደ አዲሱ ፌዝ ይዛወር።


ቅር_ያለው · ረቡዕ፣ ማታ 2፡45

ነገ አስለካለሁ። ቁጥሮቹን እዚሁ አመጣቸዋለሁ።